«ይረጋገጣል» ሲባል በማን? ለኮድ ረዳቶች ስለሚጻፍ ዝርዝር መግለጫ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የኮድ ረዳቶች በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እጅ ከገቡ ወዲህ፣ በየቤተ ሙከራውና በየመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማው የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ተማሪው በረዳት ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም? ይህ ጥያቄ ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን እንጠቀማለን፤ ይህን መደበቅም ሆነ ማጋለጥ ለዕውቀቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ረዳቱ ኮዱን ከመጻፉ በፊት ምን እንዲጽፍ ታዞ እንደ ነበረና ያን ትእዛዝ የወሰነው ማን እንደ ሆነ ነው። ረዳቶቹን በዝርዝር መግለጫ የሚመሩ የዕቅድ ፕለጊኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ይዘው መጥተዋል። በቤተ ሙከራዎቻችን ቢጫኑ ይጠቅሙናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እንደ መጡ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው መግለጫ በአማርኛና በሰው እጅ የሚጻፍበት፣ ክፍት ቦታዎቹን ረዳቱ በግምት እንዳይሞላ የሚከለከልበት አሠራር ተጨምሮባቸው መሆን አለበት።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ማስታወስ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አንድሬ ካርፓቲ ለአንድ አዲስ ልማድ ስም አወጣለት፤ «ቫይብ ኮዲንግ»። ኮዱን ሳያነቡ፣ የሚፈልጉትን በተለመደ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ስሕተት ሲመጣ ስሕተቱን መልሶ ለረዳቱ እየሰጡ መሥራት ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ አማዞን ኪሮ የተባለውን መሣሪያ ለሙከራ አወጣ፤ በመስከረም ደግሞ ጊትሃብ ስፔክ ኪት የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር ይፋ አደረገ። ሁለቱም የሚሉት ተቀራራቢ ነው። ረዳቱ ወደ ኮድ ከመግባቱ በፊት የሚሠራው ነገር ምን እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ ይታቀድ፤ ዕቅዱ ወደ ትንንሽ ተግባራት ይከፋፈል፤ በየደረጃው ሰው ይይና ይፍቀድ። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። የሶፍትዌር ምሕንድስና የሚለው ስም ገንኖ የወጣበት የ1968ቱ የጋርሚሽ ጉባኤ የተሰበሰበው፣ የታሰበውና የተሠራው ስላልተገናኙ ነበር። ፍሬድ ብሩክስም እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ዝነኛ ጽሑፉ ከሶፍትዌር ሥራ ሁሉ ከባዱ ምን እንደሚሠራ በትክክል መወሰን ነው ሲል ተከራክሯል። አዲሱ ነገር፣ መወሰን የሰው፣ መጻፍ የማሽን የሆነበት ክፍፍል መምጣቱ ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ለስፔክ ኪት ፓይተን፣ ጊት እና ዩቪ የተባለው የጥቅል አስተዳዳሪ ያስፈልጋሉ፤ አንድ የትእዛዝ መስመር ይጻፋል፤ ተጠቃሚው የትኛውን ረዳት እንደሚጠቀም ይመርጣል፤ ክሎድ ኮድም ይሁን ኮፓይለት፣ ከርሰርም ይሁን ሌላ። በፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ አብነቶችና ጥቂት መመሪያዎች ይቀመጣሉ፤ በረዳቱ ላይም አዳዲስ ትእዛዞች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ለፕሮጀክቱ «ሕገ መንግሥት» ያስጽፋል፤ በሥራው ሁሉ የማይጣሱ ደንቦች የሚሰፍሩበት ፋይል ነው። ሁለተኛው ዝርዝር መግለጫውን፣ ሦስተኛው ዕቅዱን፣ አራተኛው የተግባራቱን ዝርዝር ያወጣል፤ የመጨረሻው ወደ ኮድ ይገባል። ይህ ሁሉ ደህና መስመር ባለበት ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። ስለ አጫጫኑ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

አስቸጋሪው ከመጫኑ በኋላ ያለው ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ በሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ ገበያ ያልፋል። በዚያ ለምትሠራ አንዲት ሻጭ የትእዛዝ መዝገብ ልንሠራላት ተነሣን እንበል። ደንበኛዋ ቀሚስ ታዛለች፤ የጥለቱን ቀለም ትመርጣለች፤ ቀብድ ትከፍላለች፤ ለጥምቀት እንዲደርስላት ትፈልጋለች። ሻጯ ትእዛዙን ለሸማኔው፣ ሸማው ሲደርስ ለልብስ ሰፊው ታስተላልፋለች። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለረዳት ብንሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ገጽ ያቀርብልናል። ገጹ ያምራል። የደንበኛዋን «የቤተሰብ ስም» የግድ ይጠይቃል፤ የማስረከቢያውን ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያስሞላል፤ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ ትእዛዝ የሰረዘች ደንበኛም ገንዘቧ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስላት ያደርጋል። ረዳቱ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀም። ያልተነገረውን ሁሉ ብዙ ጊዜ ካየው ሞልቶታል።

ፕለጊኑ ይህን ያስቀራል የሚል ተስፋ አለ፤ በከፊልም እውነት ነው። የስፔክ ኪት አብነት ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲገጥመው «ማብራሪያ ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት እንዲያደርግ ረዳቱን ያዛል። ነገር ግን ያው መመሪያ ምልክቶቹ ጥቂት ብቻ እንዲሆኑ ይገድባል፤ የቀረውን በኢንዱስትሪው የተለመደ አሠራር እየገመተ እንዲሞላ ይፈቅዳል። ለሲያትል ገንቢ ይህ ጊዜ ቆጣቢ ነው፤ የእሱ ልማድና የኢንዱስትሪው ልማድ አንድ ናቸውና። ለእኛ ግን ግምቱ የሚሳሳተው ልክ ከሌላው ዓለም በምንለይባቸው ነጥቦች ላይ ነው፤ እነዚያንም ከባድ የሚያደርጋቸው ለእኛ ግልጽ ሆነው ስለሚታዩን መጻፍ አለባቸው ብለን የማናስባቸው መሆናቸው ነው።

የበዓላቱን ነገር እንውሰድ። «ለጥምቀት ይድረስ» የሚለው ትእዛዝ ለሻጯም ለደንበኛዋም ምንም አሻሚነት የለበትም። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በጎርጎርዮሳዊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ በዓሉን በጎርጎርዮሳዊ ቀን ቋሚ አድርጎ ያስቀመጠ ፕሮግራም ለሦስት ዓመት በትክክል ሠርቶ በአራተኛው ይሳሳታል። «እንግዲያው ሁሉንም በራሳችን አቆጣጠር እናስቀምጥ» የሚል መፍትሔ ወዲያው ይመጣል። ይህም አይበቃም። ገና በተለምዶ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በጎርጎርዮሳዊው ሁልጊዜም ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። አንዱ በዓል በአንደኛው አቆጣጠር ቋሚ ነው፤ ሌላው በሌላኛው። ትንሣኤና ከእርሱ ጋር የሚንቀሳቀሱት በዓላትና አጽዋማት ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ስሌት በየዓመቱ ይወጣሉ። ስሌቱ በራሱ ችግር አይደለም፤ የዩኒኮድ ማኅበር የሚያዘጋጀው አይሲዩ የተባለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ችግሩ ውሳኔው ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር ይከማች፣ በየትኛው ይታይ፣ የትኛው በዓል በየትኛው ደንብ ይሰላ። ይህን የሚያውቀው ረዳቱ ወይም ኩባንያው አይደለም፤ ሻጯ ናት። የእሷ ዕውቀት መግለጫው ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ጠያቂ ሲኖር ነው።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ልብሱ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይወሰድ ሲባል ዓለም 9 የሚለው ነው፤ ይህን ብዙ ገንቢዎች ያስታውሳሉ። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የተባለውን ግን በየትኛው ቀን መመዝገብ እንዳለበት ሳይጻፍ መተው አደገኛ ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚሠራ ሰው ይህን አነጋገር በየሳምንቱ ይጠቀምበታል። ስለ ስሞች ብዙ አልልም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንዳለን፣ ባልና ሚስት አንድ «የቤተሰብ ስም» እንደማይጋሩ አንባቢ ያውቃል። ከፊደል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ተብላ የተመዘገበችው ሴት ለእኛ አንዲት ናት፤ ለኮምፒውተሩ አራት ናት። የዩኒኮድ መደበኛ የማስተካከያ ስልት እነዚህን ሞክሼ ፊደላት አንድ አያደርጋቸውም፤ አንድ እንዲሆኑ ማድረግም የእርሱ ሥራ አይደለም። በፍለጋ ጊዜ አንድ ይሁኑ፣ ሲታተሙ ግን ባለቤቷ እንደ ጻፈችው ይቆዩ የሚለው ውሳኔ በመግለጫው ካልሰፈረ፣ ረዳቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደንበኛዋን አያገኛትም፣ ወይ ስሟን ይለውጥባታል።

እስከዚህ ያልሁት «ዝርዝር ጻፉ» የሚል ምክር ይመስላል። ምክሩ ግን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም በዝርዝር የመጻፍ ችግራችን በከፊል የቋንቋ ልማድ ችግር ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛ አድራጊውን ይደብቃል። «ትእዛዙ ይረጋገጣል»፣ «ክፍያው ይፈጸማል»፣ «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» ስንል ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ይመስላል፤ የሚያረጋግጠው፣ የሚፈጽመው፣ የሚወስደው ግን የለም። በመመሪያና በደብዳቤ ላይ ይህ ልማድ የሚያስከትለው መጓተት ነው፤ ሰዎች ይጠያየቃሉ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ይታወቃል። የኮድ ረዳት ግን አይጠያየቅም። «ትእዛዙ ይረጋገጣል» የሚለውን ሲያነብ ለራሱ አድራጊ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ማረጋገጡን ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ያልፋል። የሻጯ ዓይን ያላየው ትእዛዝ «ተረጋግጧል» ተብሎ ለሸማኔው ይተላለፋል። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ሐረግ ከዚህም ይብሳል፤ አስፈላጊነቱን የመወሰን ሥልጣን ሳናስበው ለማሽኑ መስጠት ነው። «በቂ»፣ «ወዲያውኑ»፣ «አግባብ ያለው» የዚሁ ወገን ናቸው።

ደግነቱ፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በሌላ በኩል ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ኪሮ መስፈርቶችን የሚያስጽፈው ኢርስ በተባለው ስልት ነው፤ አሊስቴር ማቪንና ባልደረቦቹ በሮልስ ሮይስ ለአውሮፕላን ሞተር መቆጣጠሪያ መስፈርቶች ቀምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ነው። ስልቱ ባጭሩ፣ መጀመሪያ ሁኔታው ወይም ክስተቱ፣ ከዚያ አድራጊው፣ ከዚያ ድርጊቱ ይጻፍ ይላል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህን ቅደም ተከተል ሊለማመደው ይገባል፤ በእንግሊዝኛ ሁኔታው ከኋላም ሊመጣ ይችላልና። በአማርኛ ግን ሁኔታው ቀድሞ፣ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መምጣቱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። «ደንበኛዋ ቀብድ ከከፈለች በኋላ፣ ድሩ ከመዘርጋቱ በፊት ትእዛዙን ስትሰርዝ፣ መዝገቡ ቀብዱን ተመላሽ ብሎ ያስቀምጣል፤ ሻጯ ገንዘቡን ትመልሳለች።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደበቀ አድራጊ የለም። ድሩ ከተዘረጋ በኋላ የሰረዘችስ? ጥያቄው ራሱ የሚወለደው ዓረፍተ ነገሩ ሲጻፍ ነው። መልሱንም ከሻጯ በቀር ማንም አያውቀውም።

የመጀመሪያው መግለጫ በአማርኛ ይጻፍ የምለው ለቋንቋ ክብር ስል አይደለም፤ ያም ክብር ቢኖረኝም። ምክንያቱ መግለጫውን ማጽደቅ ያለባት ሰው ልታነበው ስለሚገባት ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሻጯ «እሺ» ያለችው ሰነድ አልጸደቀም። በዚህ ላይ ሁለት እውነተኛ ችግሮች እንዳሉ አልክድም። አንደኛው ወጪ ነው። አንድ የላቲን ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንድ ባይት ሲፈጅ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ይፈጃል፤ ረዳቶቹ ጽሑፍን የሚቆርጡበት የቶክን መዝገብም በብዛት ከእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ አማርኛው ይበልጥ ይበጣጠሳል። አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲሰጥ ከወርኃዊው ኮታ የሚቀነሰው ይበዛል። ብዙዎቹ ረዳቶች መነሻ ክፍያቸው በወር 20 ዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ይህ ከ2,000 ብር በላይ ነው፤ ያውም የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ለተገኘለት። ሁለተኛው ችግር ትርጉሙ ነው፤ ረዳቱ አማርኛውን ተረድቻለሁ ብሎ ሌላ ነገር ሊረዳ ይችላል።

ለሁለቱም የምመርጠው መንገድ አንድ ነው። የአማርኛው መግለጫ አጭር ይሁን፤ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ሰው ይጻፈው፤ የሥራው ባለቤት ታጽድቀው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስና ረዳቱ በየዕለቱ የሚያነበው ያ ይሁን። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በቁጥር ይያያዙ። ሲለያዩ የአማርኛው ይጸናል የሚል ደንብ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ፋይል ውስጥ ይግባ። የሕግ ባለሙያዎች ይህን ደንብ ከነጋሪት ጋዜጣ ያውቁታል፤ በሁለት ቋንቋ ከሚታተመው አዋጅ የአማርኛው የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና አለውና። ለሶፍትዌር መዋሱ የሚያሳፍር አይደለም።

በዚያው ፋይል ሌሎች የማይጣሱ ነገሮችም ይገባሉ። ከሁሉ በፊት የሰዎች መረጃ። ለኮድ ረዳት የሚሰጥ ነገር ሁሉ በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር አገልጋይ ይላካል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እውነተኛ የደንበኞችን ስምና ስልክ ለሙከራ ብሎ በፕሮጀክት ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ግድየለሽነት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሌላው፣ ማንም የማይጽፋቸው ግልጽ እውነቶች ናቸው። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሊያወጡና ሊያስተላልፉ የቻሉበትን ክስተት አንባቢ አይዘነጋውም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ነበር። በዚያ የውስጥ ሥራ ላይ ለመፍረድ አልሻም። የማስታውሰው «ከሒሳብ በላይ ወጪ አይፈቀድም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል የማይጻፍ እንደሚመስል ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር በሕገ መንግሥቱ ፋይል ውስጥ ከነፍተሻው ከተቀመጠ፣ ረዳቱ ሌላ ነገር ሲያስተካክል ይህን ቢያፈርስ ወዲያው ይታወቃል።

ተቃውሞዎቹን በቁም ነገር ልውሰድ፤ አንዳንዶቹ ጠንካራ ናቸው። በቶትዎርክስ የምትሠራው ቢርጊታ ቦክለር እ.ኤ.አ. በ2025 እነዚህን መሣሪያዎች ሞክራ ስትጽፍ፣ ኪሮ አንዲት ትንሽ የኮድ ስሕተት እንዲያስተካክል ሲሰጠው 4 የተጠቃሚ ታሪኮችና 16 የመቀበያ መስፈርቶች እንዳወጣላት ገልጻለች፤ ስፔክ ኪትም የሚያመነጫቸው ብዛት ያላቸው ፋይሎች እርስ በርሳቸው እየተደጋገሙ ለማንበብ አሰልቺ እንደ ሆኑባት ጽፋለች። ለዚህ ማስተባበያ የለኝም። ረዳቱ ራሱ ያረዘመው፣ ሰው ያላነበበው መግለጫ መግለጫ አይደለም፤ ከኮዱ በፊት የመጣ ሌላ ያልተነበበ ኮድ ነው። የሁለት ገጽ ገደቤም ከዚህ የመጣ ነው። ለትንሽ ጥገናም ፕለጊኑን አለመጠቀም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍጥነት ነው፤ ይህ ሁሉ ረዳቱ የሰጠንን ጊዜ መልሶ ይወስዳል ይባላል። መጀመሪያ የተሰጠን ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ እንጠይቅ። ሜተር የተባለው የምርምር ተቋም በሐምሌ 2025 ባወጣው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው የክፍት ሶፍትዌር ገንቢዎች በሚያውቁት ኮድ ላይ 246 ተግባራት ሲሠሩ፣ ረዳት የተፈቀደላቸው ጊዜ 19 በመቶ ዘግይተዋል፤ ከሥራው በኋላ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ስለ ተማሪዎችም አይናገርም። ከእርሱ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍጥነት ስሜትና ፍጥነት የተለያዩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ረዳቱ ይቆማል፤ በወረቀትም ሆነ በማስታወሻ ደብተር የሚጻፍ መግለጫ ግን አይቆምም። የእኛ የሥራ ቀን ከዚህ አንጻር ለዕቅድ ያን ያህል አይጠብም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ይህ የድሮው የፏፏቴ ዘዴ በአዲስ ልብስ ነው፤ መስፈርት በማይለወጥበት ዓለም ብቻ የሚሠራ ነው የሚል። በእኛ አገር ተቃውሞው ተጨማሪ ክብደት አለው፤ ሰነድ ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የምናውቀው በሽታ ነው። የፕሮጀክት ውል ዝርዝር ተግባር ምን ያህል ጊዜ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙ ብቻ እንደሚለወጥ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ አይቷል። ፕለጊን ይህን በሽታ ሊያባብሰው ይችላል፤ መገልበጡን ፈጣን ያደርገዋልና። የምሰጠው መልስ ከፊል ነው። ሸማኔ ድሩን ከመዘርጋቱ በፊት የሸማውን ስፋትና ርዝመት፣ ነጠላ ይሁን ጋቢ ይወስናል፤ ድሩ ከተዘረጋ በኋላ እነዚህን መለወጥ ሥራውን ማፍረስ ነው። የማጉን ቀለም ግን በመካከል ሊለውጥ ይችላል፤ ጥለቱም እየተሠራ ይመከርበታል። በመግለጫ ውስጥም ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አቆጣጠሩ፣ የስም አመዘጋገቡ፣ የገንዘቡ ደንብ፣ የመረጃ ጥበቃው ድር ናቸው፤ ቀድመው ይጻፉ። የገጹ ቅርጽ፣ የአዝራሮቹ ቃል፣ የዘገባው ዓይነት ማግ ነው፤ ሻጯ እየተጠቀመች ትለውጠው። ድር የሆነውንና ማግ የሆነውን ሳይለይ ሁሉንም አስቀድሞ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አብነት፣ ከየትም ይምጣ፣ ለእኛ አይበጅም።

ወደ መነሻው ጥያቄ፣ ወደ መመረቂያ ሥራ ልመለስ። ሶፍትዌር የሚገነቡ የማስተርስ ተማሪዎች ከጽሑፋቸው ጋር ኮዱን ብቻ ሳይሆን የመግለጫውን ማኅደር ከነሙሉ የጊት ታሪኩ ቢያስረክቡ እላለሁ። ገምጋሚው ከብዙ ሺህ የኮድ መስመሮች ውስጥ የተማሪውን አሳብ መፈለግ አይጠበቅበትም፤ ሁለቱን ገጽ አንብቦ «ለምን ይህን ቀን መረጥህ? ይህን ዓረፍተ ነገር በየካቲት ለምን ለወጥሽው?» ብሎ ይጠይቃል። ኮዱን ያልጻፈ፣ ነገር ግን ውሳኔውን የወሰነ ተማሪ ይመልሳል። ሁለቱንም ያላደረገ ዝም ይላል።

ታሪኩ ሊፈበረክ አይችልም ወይ? ይችላል፤ ረዳቱ ራሱ ኮዱን አይቶ ወደ ኋላ መግለጫ ይጽፋል። ዴቪድ ፓርናስና ፖል ክሌመንትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የትኛውም ንድፍ በተስተካከለ ቅደም ተከተል እንደማይወለድ አምነው፣ ሰነዱ ግን እንደዚያ እንደ ተወለደ ሆኖ ቢቀርብ ለአንባቢ ይጠቅማል ብለው ተከራክረዋል። ለጥገና ባለሙያ ይህ ልክ ነው። ለመመረቂያ ግምገማ ግን አይሠራም፤ በዚያ የሚለካው የሰነዱ ጥራት ሳይሆን ሰውየው መወሰን መቻሉ ነው። ስለዚህ የአማርኛው መግለጫ ከመጀመሪያው የኮድ ቀን አስቀድሞ ለአማካሪ በእጅ ይሰጥ፤ አማካሪው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ያሻሻለው ሁሉ ከዚያ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ይታይ። ይህ ለአማካሪዎች ተጨማሪ ሥራ ነው፤ አንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ የሚያማክሩት ተማሪ ብዛት ሲታይ ትንሽ ሥራም አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት ገጽ አማርኛ ማንበብ፣ ተማሪው ራሱ ያላነበበውን ኮድ በመጨረሻው ሳምንት ከማንበብ ይቀላል።

የሚጎድለው አብነቱ ነው። ከፕለጊኑ ጋር የሚመጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ አቆጣጠርን፣ የሰዓት አነጋገርን፣ የስም ሥርዓትን፣ ሞክሼ ፊደላትን፣ ቀብድን አይጠይቅም። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊለውጠው ይችላል። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች በአማርኛ አስገብተውበት፣ «በግምት ሙላ» የሚለውን መመሪያ አውጥተው በምትኩ «ጠይቅ» የሚለውን ተክተው፣ «ይደረጋል» የሚል ግሥ ያለ አድራጊ ሲመጣ የሚያመለክት ቀላል ፍተሻ ጨምረው ለሌሎች ሊያካፍሉት ይችላሉ። የመጨረሻው ፍተሻ ከሚመስለው ይከብዳል፤ አማርኛ ተገብሮውን በአንድ ቅርጽ ብቻ አይገልጥምና፣ «ይከፈላል» ተገብሮ ሲሆን «ይከፍላል» አይደለም፤ ሁለቱን የሚለያቸውም አንድ ፊደል ነው። ለሥነ ልሳን ክፍል ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ሥራ አለ።